የዘጠኝ ሰዓቱ አባት

ይሄ ታሪክ እውነት ነው።

አውቃለሁ... ጋራዥ ውስጥ "ቱሪናፋው" ነው የሚሉኝ። አንዴ ውሻ ታክሲ ሲነዳ አየሁ ብዬ ሦስት ትልልቅ ሰዎች አሳምኛለሁ። ይሄን ግን ከዋሸሁ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይካደኝ!

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። የሆስፒታሉ ሦስተኛ ፎቅ፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ክፍል።

ልጄ በሰባት ወሯ ነው የመጣችው። አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም። እኔ በቀን ሁለት ሦስቴ የምፈታው ዳይናሞ የእሷን አራት እጥፍ ይመዝናል።

ሲስተሯ "ካንጋሮ" የሚሉትን ነገር አሳየችን። ሕፃኗን ከነኮፍያዋ ከወላጅ ራቁት ደረት ጋር ማጣበቅ ነው። ጠዋት እናቷ ትይዛታለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኔ።

"አንድ ኪሎ ተኩል ስትሞላ ቤቷ ትገባለች" አለች ሲስተሯ። "ካልጨመረች ግን..."

የልጄን ኮፍያ ማስተካከል ጀመረች።

እናቷ ስትይዛት ማሽኑ ላይ የኦክስጅኗ ቁጥር ዘጠና ሰባት ይላል።

እኔ ስይዛት... ዘጠና... ሰማንያ ስምንት... ሰማንያ አራት...

ጢጥ! ጢጥ! ጢጥ!

"አይዞህ አባቷ" አለች ሲስተሯ ልጄን እየተቀበለችኝ። "ልብህ እየሮጠ ነው። እሷም ትሰማዋለች።"

ሰው በገዛ ሚስቱ ደረት ይቀናል?

እኔ ቀናሁ።

ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደረጃው ላይ ነበርኩ። አልገባሁም። ያ ጢጥታ ጆሮዬ ውስጥ ቀርቶ ነበር። አርባ ደቂቃ ስልኬን እየነካካሁ ቆየሁ።

ስገባ ሲስተሯ ቀና ብላ አየችኝ።

"ምነው ተመለስክ? የረሳኸው አለ?"

"ኧረ አሁን ገና መምጣቴ ነው።"

"ሂድ ወዲያ! ቀልድህን ለጋራዥህ!"

ከዚያ እጄን አየችው። ጥፍሬ ሥር ጥቁር ዘይት አለ።

"ቅድም እኮ... ንጹሕ ነበር" አለች ቀስ ብላ።

የማሞቂያ ሳጥኗ ላይ የተንጠለጠለውን ወረቀት አነበብኩ።

ዘጠኝ ሰዓት። አባት። ዘጠና ስምንት።

ከሥሩ ፊርማዬ አለ። የራሴው ፊርማ። ግን የእኔ ጽሑፍ ዶሮ የጫረው ነው፤ ይሄኛው ቀጥ ብሎ፣ አምሮ ተጽፏል። ያስተማረኝ መምህር እንኳ እንዲህ አይጽፍም።

ኮፍያዋ አገጯ ሥር በቆንጆ ቋጠሮ ታስሯል። እኔ እንደዚያ ማሰር አልችልም።

በማግስቱ ጠዋት ተመዘነች። ሠላሳ አምስት ግራም ጨምራለች።

ሚስቴ እጄን ይዛ አለቀሰች።

"ሲስተር ነገረችኝ። ዘፈንክላት አሉ። ለምን ደበቅከኝ፣ አንተ? ድምፅ እንዳለህ እንኳ አላውቅም ነበር!"

ድምፅ የለኝም። እኔ ስዘፍን የጋራዡ ድመት ትወጣለች።

"ምን... እንዲሁ ሞካከርኩ" አልኳት።

እኔን መስሎ የገባውን ሰው ዘፈን ለራሴ ወሰድኩት።

በዚያው ሐሙስ በሰዓቱ ገባሁ። እጄን እስኪላጥ ታጥቤ ነበር። አቀፍኳት።

ሰማንያ ስድስት...

ጢጥ! ጢጥ!

"እንደ ትናንቱ አድርገህ ያዛት እንጂ" አለችኝ ሲስተሯ በሹክሹክታ።

እንደ ትናንቱ!

ዓርብ ሃያ ግራም ቀንሳ ተገኘች። በዚያው ቀንም እኔው ያዝኳት። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ አሥራ አምስት። ሚስቴ አየችኝ... ያ አስተያየት ከስድብ ይከፋል።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሲል ሆን ብዬ ቀረሁ። ከኮሪደሩ መታጠፊያ ቆሜ በሩን ጠበቅኩ።

ማንም አልገባም።

በሩ አልተከፈተም።

ግን ከውስጥ ዘፈን ተሰማኝ... ቀስ ያለ... እናት የምትዘፍነው ዓይነት...

ተጠጋሁ። በበሩ መስታወት አየሁ።

ወንበሬ ላይ ሰው ተቀምጧል። ጀርባውን ሰጥቶኝ ጎንበስ ብሏል። ማጅራቱ ላይ ጠባሳ አለ።

ያንን ጠባሳ አውቀዋለሁ። ዓምና የጋለ የጭስ ማውጫ ማርሚታ ያቃጠለኝ ነው።

የልጄ አናት በትከሻው በኩል ይታያል። ቁጥሩ ዘጠና ዘጠኝ ይላል።

ሲስተሯ አጠገቡ ቆማ ፈገግ ብላ ትጽፋለች።

በሩን በርግጄ ገባሁ!

"ውጣ! ልጄን ስጠኝ!"

ወንበሩ ባዶ ነበር። ልጄ እዚያው ላይ ብቻዋን ተኝታለች። ብድግ አድርጌ ደረቴ ላይ አጣበቅኳት። ቁጥሩ አልወረደም... ዘጠና ስምንት... ዘጠና ዘጠኝ...

ከዚያ ወዲህ ሰውዬው አልመጣም። ልጄም አንድ ኪሎ ተኩል ሞልታ ወጣች። ይኸው ዛሬ ስምንት ኪሎ ሆና ቁልፌን ከኪሴ ትሰርቃለች።

ይሄ ነው ታሪኩ።

...

እሺ።

አንድ ነገር ፈጥሬ ጨምሬያለሁ። ፍሬኑ ትዝ አለኝ።

በሩን አልበረገድኩትም።

እጀታውን ይዤ ነበር። ዘጠና ዘጠኝ የሚለውን አየሁ። ልጄ እኔ ላይ እንደዚያ ተንፍሳ አታውቅም። ያን ጊዜ ደግሞ ዓይኗን ገለጠች... የሕይወቷ የመጀመሪያ ዓይን መግለጥ... ያየችውም እሱን ነው።

እጀታውን ለቀቅኩ።

በነጋታው ዘጠኝ ሰዓት ላይም አልገባሁም። በሚቀጥለውም ቀን። ሠላሳ ግራም... አርባ ግራም... እያለች ሞላች። ሰው ሁሉ "ጎበዝ አባት" አለኝ፤ እኔም አመሰገንኩ።

አሁን ቤታችን ናት። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ሲጋራ ልግዛ ብዬ እወጣለሁ። ሲጋራ አላጨስም። ሚስቴም ይህን ታውቃለች፤ ጠይቃኝ ግን አታውቅም።

በሩን አልቆልፈውም።

ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ያ ዘፈን ከቤት ውስጥ ይጀምራል። ልጄ ትስቃለች።

ሰሞኑን ደግሞ... ሚስቴም አብራ መሳቅ ጀምራለች።