ሸራውን ማን ገፈፈው?

«ይዝጉት! አባባ፣ ውሃውን ይዝጉት!» ብሎ የሚጣ አባት ጮኸ።

አያትየው መክፈቻውን አዙረው እስኪዘጉ ድረስ አምስት የመስታወት ቱቦዎች «ጧ! ጧ!» እያሉ ተሰነጠቁ። ውሃው በጠፍጣፋው ጣሪያ ላይ ተንዠቀዠቀ። የአሥራ አራት ዓመቷ ሚጣ ደረጃው አፍ ላይ እንደቆመች ስልኳን ከጀርባዋ ደበቀች።

አያቷና አባቷ ሦስት ቀን የለፉበት የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ነው። ጣሪያው ተበስቶ እንዳያፈስ ብለው የብረት እግሮቹን በብሎን ሳይሆን በከባድ ብሎኬት አስረግጠዋቸዋል። አያቷ በሥራ ቀልድ አያውቁም። «አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» ሳይሉ አንዲት ቧንቧ አያጠብቁም። ከሁሉ አብልጠው የሚያስጠነቅቁት ግን ቱቦዎቹን ስለሚሸፍነው ሸራ ነው። ባዶ ቱቦ ፀሐይ ላይ ከዋለ እንደ እሳት ይግላል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሲገባበት ይፈነዳል። ስለዚህ ውሃ እስኪሞላ ድረስ ተሸፍኖ ይቆያል።

«ሸራውን የገፈፍከው አንተ አይደለህም እንዴ?» አሉ አያቷ።

«እኔማ ታች ነበርኩ!» አለ አባቷ። «እርስዎ አሁን የገፈፉት መስሎኝ…»

«እኔም አንተ መስለኸኝ ነው ውሃውን የከፈትኩት።» አያቷ ግንባራቸውን አሹ። «እንግዲያው ጠዋት አልሸፈንኩትም ማለት ነዋ። ያሰርኩት ይመስለኛል እኮ… ባለፈው ሳምንት ቁልፌንም በሩ ላይ ረስቼው ነበር።»

አባቷ ቢቆጣ ይሻል ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ግድ የለም አባባ፣ ሰባ ዓመት እኮ ነው። ከእንግዲህ ጣሪያ መውጣቱ ይብቃዎት፤ ታች ሆነው ያዙናል» አለ።

ዕድሜያቸውን ከጣሪያ ጣሪያ ሲሉ የፈጁት ሰውዬ የመሣሪያ ቀበቷቸውን ፈቱ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ።

«ሚጣዬ፣ ጠዋት ሻይ ስታመጪልኝ ሸራውን ሳስር አይተሽኛል?»

ማየት ብቻ? የገመዱን ጫፍ የያዘችላቸው እሷ ናት። እሳቸው ከወረዱ በኋላ ሸራውን ገፍፋ፣ በጥቁሩ መስታወት ፊቷን እያየች ፎቶ የተነሳችውም እሷ ናት። መልሳ ልትሸፍነው አስባ ነበር። ፎቶውን የላከችላት ጓደኛዋ ደወለች፣ ወሬ ወሬን ወለደ፣ ረሳችው።

«እንጃ አባባ… ልብ አላልኩም» አለች።

ቃሉ ገና ከአፏ እንደወጣ ፊቷ ነደደ። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አመኗት። ቀበቶውን ዕቃ ቤት እንድትሰቅልላቸው ሰጧት። ስልኳ እጇ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ጓደኛዋ ናት፦ «ፎቶው ፏ ብሏል! ፀጉርሽ ያበደ ነው!»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ዕቃ ቤት ገብታ ምስማሩ ፊት ቆመች። የቀበቶው ቆዳ በአያቷ ወገብ ልክ ጎብጦ ቀርቷል። ሰቅላው ብትሄድ ማንም አያውቅባትም። አባቷ ሌላ ቱቦ ይገዛል፤ አያቷ ግን ከዛሬ ጀምሮ ራሳቸውን እንደተጠራጠሩ ይኖራሉ። በራሷ አፈረች።

ቀበቶውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ደረጃውን ተመልሳ ወጣች። አያቷ ብሎኬት ላይ ተቀምጠው የገመድ ቁራጭ ይቋጥራሉ፣ ይፈታሉ። እንደገና ይቋጥራሉ።

ሚጣ ፎቶውን ከፈተች። ፊቷ በመስታወቱ ውስጥ ፈገግ ብሏል፤ ሸራው ብብቷ ሥር ተወሽቋል።

«አባባ» አለች። «መነጽርዎን ያድርጉና ይህን ይዩልኝ።»