ከገልባጩ ኋላ ያጎነበሰው

ጠጋ በሉ፤ በሩንም ዝጉት። እንዲህ መብራት በጠፋበት ምሽት ነው። መንገዱ ላይ ዝር የሚል ሰው የለም። ሽመክት የሚባል የገልባጭ ሹፌር አሸዋ ጭኖ ከወንዝ ወደ መንደሩ ይመለሳል።

ገልባጭ መኪና ከኋላው ዝቅ ብሎ አግድም የተበየደ ብረት አለው። ለምን ይመስላችኋል? ለጌጥ? ትንሽ መኪና መጥታ ብትገጨው ስሩ እንዳትገባ ነው። ብረቱ ከሌለ ሞተሯ ምንም ሳይነካው ስሩ ያልፋል፤ የጭነቱ ሳጥን ቀጥ ብሎ የሚመጣው ሹፌሯ አንገት ላይ ነው። ሽመክት ግን ወንዝ ስወርድ ድንጋይ እየነካ አስቸገረኝ ብሎ አስቆረጠው።

ታናሽ ወንድሙ ልጅዓለም ዝቅ ያለች አሮጌ አውቶሞቢል አለችው። ክረምት ከበጋ ለመነው።

«ጋሼ፣ በእናታችን፣ ያን ብረት አስመልሰው።»

«ነገ» ይለዋል። ነገ! ሰው ሲመከር መች ይሰማል? እኔን ሳወራው ራሱ ያንገበግበኛል።

እናላችሁ፣ ሽመክት በመስታወት ሲያይ ከኋላው አንድ ነገር ጠቆረ። ጥላ ነው ብሎ ነዳ። ደግሞ አየ፤ ሰው ነው። ሰው ከሚሮጥ ገልባጭ እኩል ይራመዳል? ይሄኛው ተራመደ። ሽመክት ሌባ መሰለውና ተናደደ። መንገዱ መሃል አቆመ፤ እንዳያመልጠው ብሎ መብራቱን አጥፍቶ ወረደ።

ሰውየው ጀርባውን ሰጥቶ፣ አጎንብሶ፣ ብረቱ የነበረበትን ባዶ ቦታ በእጁ ይዳብሳል።

«ምን ፈለግህ?»

«ብረቱን።»

«አስቆርጬዋለሁ። ምን አገባህ?»

«ስንቴ ለመንኩህ፣ ጋሼ?»

ቀና ብሎ ዞረ። ልጅዓለም ነው። ግንባሩ ግን የለም።

ሽመክት ወደ ኋላ አፈገፈገ። «መቼ... መቼ ሞትክ?»

«ገና ነው። እየመጣሁ ነው።»

ከመታጠፊያው የትንሽ መኪና መብራት ብቅ አለ። ሽመክት እጁን እያወናጨፈ፣ የወንድሙን ስም እየጠራ ሮጠ። ፍሬን ጮኸ። መኪናዋ እሱን አለፈችውና እስከ ኋላ ወንበሯ ድረስ ገልባጩ ስር ገባች።

ሽመክት ዛሬ መንገድ ዳር ቆሞ ገልባጭ የሚነዳውን ሁሉ ብረቱን አትቁረጥ እያለ ይለምናል። ማን ሊሰማው? አብዷል እያሉ ያልፉታል።

ክንዴ፣ አንተም ሳቅህ አይደል? ብረቱን ያስቆረጥከው ገልባጭህ ደጅ ቆሞ የለም? እስቲ በመስኮት እይ። ከኋላው ያጎነበሰው ሰው ማነው?