የሐና ኮምፒውተር

እኔ እንዲህ ባለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፤ መንፈስ ምናምን ሲሉኝ «ሽቦው የት ጋ ነው?» ብዬ የምስቅ፣ ቃሊቲ መናኸሪያ አጠገብ በአንዲት ጠባብ ክፍል ኮምፒውተር እየጠገንኩ የምኖር ሰው ነኝ፣ ዛሬ ግን መብራት በጠፋ ቁጥር መጀመሪያ የማደርገው ገመዱን ሁሉ ነቅዬ ማዳመጥ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ጊዜው መብራት በፈረቃ የሆነበት ነበር። ጋሽ ተሾመ የሚባሉ የአቃቂ ሰው፣ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ፣ አንድ ኮምፒውተር በብርድ ልብስ ጠቅልለው አመጡልኝ። የሞተችው ልጃቸው የሐና ነው፣ ፎቶዋም ድምጿም ያለው እሱ ላይ ብቻ ነው።

«አቧራውን ብቻ አራግፍልኝ ልጄ፣ ሌላ ነገር እንዳትነካብኝ።»

«እናቴ ትሙት አልነካም ጋሼ!»

ስከፍተው ግን ማዘርቦርዱ፣ ሁሉም የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ፣ እጄ ገብቶ የማያውቅ ዓይነት ሆነብኝ፤ ፕሮሰሰሩን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማስኬድ የሚያስችል፣ እኛ ኦቨርክሎክ የምንለው። ከመጠን ካለፈ ቦርዱ ይቃጠላል፣ ፎቶውና ድምፁ ያለበትን ዲስክም ይዞት ሊሄድ ይችላል፣ ይህን አሳምሬ አውቃለሁ፣ ግን እስከ የት እንደሚሄድ ሳላይ እጄ አላርፍ አለ፣ አመሌ ነው። ትንሽ ጨመርኩ፣ ተነሳ። ደግሜ ጨመርኩ፣ ተነሳ። በሦስተኛው የማራገቢያው ድምፅ ተለወጠ፣ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ፣ ዳገት የወጣ ሰው ትንፋሽ። አቧራ ይሆናል ብዬ አየሁት፣ ንጹሕ ነው። ማቆም ነበረብኝ፤ አንዴ ብቻ ብዬ ጨመርኩ።

ልክ ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። የጎረቤቴ የሙሉጌታ ብየዳ ቀጥ አለ፣ ፊት ለፊት ያለው ሙዚቃ ቤትም ዝም አለ፣ የኔ ስክሪን ጨለመ። ኮምፒውተሩ ግን አልጠፋም፣ እመነኝ፣ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ያለከልካል። ሙሉጌታ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ አንገቱን በበሩ አስገባ።

«አንተ፣ ጄኔሬተር ገዛህ እንዴ? ሳትነግረኝ?»

ገመዱን ከሶኬቱ ነቀልኩት፤ ገመዱ እጄ ላይ ነው፣ ትንፋሹ ቀጥሏል። ሙሉጌታ አማተበና ወጣ፣ ያንን ቀን ዛሬም ባነሳበት ወሬ ይቀይርብኛል። ፈራሁ፣ እጄን ሣጥኑ ላይ አድርጌ «በቃ፣ በቃ» አልኩ፣ ለማን እንደምል እንጃ። ቀስ እያለ ቆመ።

መብራት ሲመለስ ፍጥነቱን እንደነበረ አደረግኩት፣ ፎቶው ሁሉ አለ፣ ተመስገን አልኩ። በማግስቱ ጋሽ ተሾመ መጡና ከደጃፉ ሳያልፉ ቆሙ።

«ትናንት ከምሳ በኋላ ሸለብ ሲያደርገኝ ሐናዬ መጣችብኝ» አሉ። «እያለከለከች፣ አባዬ፣ አንድ ሰው ሩጪ ይለኛል ትላለች። ልጄ እኮ ልብ ሕመምተኛ ነበረች፣ ሐኪም መሮጥ ከልክሏት ነበር። ነካክተኸዋል እንዴ?»

«ኧረ ጋሼ፣ አቧራውን ብቻ ነው።»

ብርድ ልብሱን አልብሰው፣ አቅፈው ይዘውት ወጡ። አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉና ጆሯቸውን ብርድ ልብሱ ላይ አስጠጉ፣ ብዙ ቆዩ፤ ከዚያ ዞር ብለው አዩኝ።