ምስር፣ ሽሮ እና ጋሽ ሀብቱ

የብልቃጡ ውሃ አረንጓዴ ሆነ። ፈካ ያለ አረንጓዴ ቢሆን አቢጊያ ትንሽ ትረጋጋ ነበር፤ ይሄኛው ግን የጎመን ዓይነት ነው። ብልቃጡን ከቀለሙ ካርድ አጠገብ አስጠግታ ደግማ አየችው። ያው ጎመን ነው። መሆን የነበረበት ቢጫ ነው። ቢጫ ማለት የዓሣ ገንዳው ውስጥ አሞኒያ የሚባለው መርዝ የለም፣ ዓሦቹ ደህና ናቸው ማለት ነው። አረንጓዴ ደግሞ ውሃው ተመርዟል ማለት ነው።

ለነገሩ ብልቃጥም አያስፈልግም ነበር። ሽሮ አሸዋው ላይ በጎኑ ተኝቷል። ምስር ደግሞ ከውሃው ጫፍ ላይ አፏን እየከፈተች እየዘጋች አየር ትለምናለች። ሁለቱም ነጭ ቀለበት ያላቸው ብርቱካናማ ዓሦች ናቸው። ስም ያወጣችላቸው ራሷ አቢጊያ ናት፤ በመጡበት ቀን ፍሪጅ ውስጥ የነበረው ወጥ ምስርና ሽሮ ስለነበር እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም።

እሁድ ከሰዓት ነው። አቢጊያ ከቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ጋር ተራራ ላይ ሦስት ቀን ከርማ መመለሷ ነበር፤ ጃኬቷን እንኳ አላወለቀችም።

«ማሚ! ገንዳውን ማን ነካው?»

እናቷ ሀና የሥራ ልብሷን ለብሳ የመኪና ቁልፏን ትፈልጋለች። የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። «እኔ ምኑን አውቄ? ሦስቱንም ቀን ደብል ሺፍት ነው የሠራሁት። ለእድላዊት አደራ ሰጥተሻት የለ እንዴ?»

ሰጥታታለች። እድላዊት እዚያው ቻምበርስ ሮድ፣ እዚያው አፓርታማ ግቢ ውስጥ ነው የምትኖረው፤ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዋ ናት። አቢጊያ ከመሄዷ በፊት ወረቀት ጽፋ መስታወቱ ላይ ለጥፋላት ነበር፦ «ዓርብ አንዴ ብቻ። በሁለት ጣት ቁንጥር። ሌላ ምንም እንዳትነኪ።» አሁን የዓሣውን ምግብ ዕቃ አንስታ ወዘወዘችው። እስከ አንገቱ ሞልታ የተወችው ዕቃ ከታች ትንሽ ብቻ ቀርቶታል።

«ብዙ ሥራ የለውም» ብላ ነበር እናቷን ያሳመነቻት። የገንዳው ብልሃትም እዚያ ላይ ነው። ሃያ ጋሎን የጨው ውሃ፣ ከባሕር የመጣ ድንጋይ፣ የማያስቸግሩ ለስላሳ ኮራሎች፣ ሁለት ዓሣ ብቻ። መብራቱ ራሱ ይበራል፣ ራሱ ይጠፋል። የተነነውን ውሃ አንዲት ትንሽ ፓምፕ ትተካለች። ከሰው የሚጠበቀው በሳምንት አንድ ቀን ትንሽ ውሃ ቀይሮ በቀረው ጊዜ እጁን መሰብሰብ ነው። ከባዱ ግን ይሄ እጅ መሰብሰብ የሚሉት ነገር ነው። ዓሦቹ ከመምጣታቸው በፊት፣ ቆሻሻውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች እስኪባዙ፣ አቢጊያ ስድስት ሳምንት ሙሉ ድንጋይና ውሃ ስትጠብቅ ከርማለች። በዚያ ሰሞን ጋሽ ሀብቱ ከሶፋው ላይ ሆነው «ለመሆኑ ይሄ ድንጋይ መቼ ነው የሚፈለፈለው?» ይሏት ነበር።

ጋሽ ሀብቱ የእናቷ አጎት ናቸው። ሃያ ስምንት ዓመት ታክሲ ነድተው፣ ባለፈው ጥቅምት የሚኖሩበትን ግቢ በር በመኪና ሲገጩት ከነሻንጣቸው እነአቢጊያ ቤት ገቡ። ሀና ቁልፋቸውን ደበቀች። በኅዳር ምድጃ ለኩሰው ሲረሱ ምድጃውንም ከለከለቻቸው። በደግነት ነው፤ ግን መከልከል መከልከል ነው። ጉልበታቸው እሺ ሲል በአስራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ኮልፋክስ ጎዳና ደርሰው ይመለሳሉ፤ እምቢ ሲላቸው ቤት ይውላሉ። አቢጊያ ከትምህርት ቤት ስትገባ ሳህናቸውን ይዘው ገንዳው ፊት ተቀምጠው ታገኛቸዋለች።

«እንብላ» ይሏታል።

«ጠግቤያለሁ ጋሼ» ትላለች፣ ጆሮ ማዳመጫዋን ሳታወልቅ፣ ወደ ክፍሏ እያለፈች። የየቀኑ ሰላምታቸው ይኸው ነው።

ያን እሁድ አቢጊያ ግማሹን ውሃ ቀየረች፣ ሽሮን በማጣሪያ መረብ አወጣችው፣ ከዚያ ስልኳን አነሳች።

«ስንት ጊዜ ነው የመገብሻቸው?» ብላ ለእድላዊት ቴክስት አደረገች።

«አንዴ። ዓርብ። ወረቀቱ እንደሚለው።»

«ሲሪየስሊ? ዕቃው ባዶ ሊሆን ነው እኮ!»

«እና እኔ በላሁት?»

«ሽሮ ሞቷል። አትቀልጂብኝ።»

«ኦ ማይ ጋድ። ሶሪ አቢ። ግን እኔ አይደለሁም፣ ፕሮሚስ።»

የተናደደ ሰው መሐላ አይሰማም። አቢጊያ የቤተ ክርስቲያኑን ወጣቶች የስልክ ግሩፕ ከፈተችና «እድላዊት ዓሣዬን ገደለችው፣ ይባስ ብሎ ትዋሻለች» ብላ ጻፈች። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ አባቶች፤ ከጣት የወጣውማ ሃያ ሁለት ስልክ ላይ ነው የጮኸው። አንዱ የሚያለቅስ ፊት ላከ፣ ሌላው የዓሣ ጥብስ ሥዕል ላከ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ እድላዊት ከግሩፑ ወጣች። ሰኞ ምሳ ላይ ሌላ ጠረጴዛ ተቀመጠች። ማክሰኞም እንደዚያው። አቢጊያ ብቻዋን ሳንድዊቿን እየቆረሰች «እውነት ባይሆን ኖሮ አትሸሽም ነበር» ብላ ራሷን አጽናናች። ቢሆንም ሳንድዊቹ አልወረደላትም።

ረቡዕ ትምህርት ቤቱ ቀደም ብሎ ለቀቀ። አቢጊያ በቀጥታ ወደ ገንዳው ሄዳ ከጀርባ ያለውን የማጣሪያ ስፖንጅ አወጣችና መታጠቢያ ቤት ወስዳ ጨመቀችው። ከስፖንጁ ውስጥ የራሰ፣ ግራጫማ፣ ዓይን ዓይን ያለው ነገር ወጣ። በጣቷ አንስታ አሸተተችው። ጎምዘዝ ይላል። እንጀራ ነበር።

እንጀራ! እድላዊት ጨካኝ ናት ቢባል እንኳ እንጀራ ይዛ ዓሣ ልትጠይቅ አትመጣም።

«እንብላ» አለ ድምፅ ከሳሎን።

አቢጊያ «ጠግቤያለሁ» ልትል አፏን ከፍታ ብቅ ስትል ጋሽ ሀብቱ ጀርባቸውን ሰጥተዋታል። «እንብላ» ያሉት እሷን አልነበረም። መኖሯንም አላወቁም። ፊታቸውን ወደ ገንዳው አድርገው፣ ማይክሮዌቭ ያሞቀውን የጾም ምስር ወጥ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ከእንጀራው ጫፍ ይቆርሳሉ። ወጥ የነካውን ጠረጉት። «በርበሬ አይስማማሽም አንቺ» አሉ ለዓሣዋ ለምስር፣ አተር አሳክለው አድበልብለው ጣል አደረጉላት። ከዚያ የዓሣውን ምግብ ዕቃ ከፍተው በመዳፋቸው ዘገኑ።

«ጋሼ!»

ዞር አሉ። አልደነገጡም። «መጣሽ? እንብላ።»

«እርስዎ ነዎት እንዴ የሚመግቧቸው?»

«ታዲያ ማን ይመግባቸው? አንቺ በቁንጥር ነው የምትሰጪው። ያቺ ጓደኛሽ የባሰች ናት። ዓርብ መጣች፣ ወረቀትሽን አነበበች፣ ቁንጥር ጣል አድርጋ ውልቅ። ቅዳሜማ ብቅም አላለች። በምግብ ስም ጠርታችሁ ምግብ ትነፍጓቸዋላችሁ፤ ግፍ አይደለም?»

«መቼ ነው የጀመሩት?»

«ከገና ወዲህ ይሆናል። ያኔ ጥቂት ጥቂት ነበር። ሰሞኑን ሁላችሁም ስትጠፉ ጊዜ ነው ጠብሰቅ ያደረግኩላቸው።» ሳህናቸውን አስተካከሉ። «እኔ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እቆያለሁ። ስቀመጥ መጥተው መስታወቱ ላይ ይለጠፉና አፌን ያያሉ። አፉን እየከፈተ ዓይን ዓይንሽን የሚያይሽ ፊት እንዴት ብለሽ ትጎርሻለሽ? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ነው የሚባለው።» በዘገኑበት እጃቸው ወደ ድንጋዩ ጥግ አመለከቱ። «ትንሹ ግን ከዚያ ውስጥ ገብቶ እምቢ ብሏል። ሦስት ቀን አላየሁትም። የእሱን ድርሻ እዚያ ጋ ነው የምጥልለት።»

አቢጊያ አጣርታ ማወቅ የፈለገችውን ሁሉ አሁን አውቃዋለች፣ ደስም አላላትም። ለሦስት ቀን ቤቱ ውስጥ ስትነጫነጭ፣ ሽሮ መሞቱን አንድ ሰው ለእኚህ ሰው የነገራቸው የለም።

«ሞቷል ጋሼ።»

«ማን?»

«ሽሮ። እሁድ። ምግቡ ሲበዛ ውሃውን ይመርዘዋል።»

ጋሽ ሀብቱ ሞኝ አይደሉም። እጃቸው ላይ ያለውን አዩ፣ ገንዳውን አዩ። የዘገኑትን ቀስ ብለው ወደ ዕቃው መለሱና ክዳኑን ገጠሙ፤ እንዳይፈስ ሁለቴ አጠበቁት።

«እኔ ነኛ» አሉ።

«ለእድላዊት ጽፌ ሰጠሁ። እርስዎ እዚሁ ሆነው ለእርስዎ አልነገርኩም።»

«ለሀና አትንገሪያት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። እንዲህ ሲለምኑ ሰምታቸው አታውቅም። «ቁልፉን ወሰደች፣ እሺ። ምድጃውን ወሰደች፣ እሺ። ይሄን ስትሰማ ደግሞ ዕድሜው አናቱ ላይ ወጣ ትላለች።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ እድላዊት ናት ብዬ ለሰው ሁሉ ተናገርኩ።»

«ሳታጣሪ?»

«ሳላጣራ።»

ጋሽ ሀብቱ እንደ መቆጣት አሉና ተዉት። «ለልጅቷ ንገሪያት። በእኔ ሰበብ ሰው መበደል የለበትም።»

አቢጊያ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ግሩፑን ከፈተች። ለእድላዊት ብቻ መንገር ቀላል ነበር፤ ስሟ የጠፋው ግን ሃያ ሁለት ሰው ፊት ነው። «ጋሽ ሀብቱ ናቸው» ብትልም ቀላል ነበር፤ አንድ መስመር ነው፣ እውነትም ነው፣ እሷንም ነፃ ያወጣታል። እዚያ ግሩፕ ላይ የተጻፈ ነገር ግን እሁድ ሳይደርስ እናቶች ጆሮ ይገባል። ጽፋ አጠፋች፣ ጽፋ አጠፋች። በመጨረሻ «እድላዊት ምንም አላጠፋችም። አልዋሸችምም። ሳላጣራ ነው የተናገርኩት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅርታ» ብላ ላከች።

አንዱ ወዲያው መለሰ፦ «ሎል፣ ራስሽ ነሻ የገደልሽው?»

አቢጊያ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። «በእኔ ጥፋት ነው የሞተው» ብላ ጻፈችና ስልኳን ደፋችው።

ከዚያ ግቢውን ተሻግራ እድላዊት በር ላይ ቆመች። እድላዊት በሩን ግማሽ ያህል ብቻ ከፈተች።

«ስክሪንሾቱን ልከውልኛል» አለች። «እና ማን ነው?»

«ላንቺ እነግርሻለሁ። ካንቺ ግን አይወጣም።»

ነገረቻት። እንጀራውን፣ ድርሻውን፣ ዝግኑን፣ ሁሉንም። እድላዊት መጀመሪያ ልትስቅ ነበር፤ መሃል ላይ ተወችው።

«ዓርብ ዕለት እኔንም እንብላ ብለውኝ ነበር» አለች። «በልቻለሁ ብዬ ወጣሁ።»

በሩን ትንሽ ጨምራ ከፈተችው።

«አሁንም ተናድጄብሻለሁ» አለች እድላዊት።

«አውቃለሁ።»

«ነገ ምሳ ላይ የድሮ ቦታችን ነኝ። ወንበር ግን አልይዝልሽም።»

ሐሙስ አቢጊያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ ጋ የተረፈች አንዲት የመድኃኒት ማስቀመጫ ወስዳ የዓሣ ምግብ ሞላችባት፤ ያቺ ሰባት ክፍል ያላት፣ የሳምንቱ ቀን ክዳኗ ላይ የተጻፈባት። በየክፍሉ አንዳንድ ቁንጥር። ሀና ምን ልታደርግባት እንደሆነ ስትጠይቃት «ከእንግዲህ ዓሣውን የሚመግቡት ጋሼ ናቸው» አለቻት። ሀና ቅንድቧን አነሳች። አቢጊያ ሌላ ነገር አልጨመረችም።

ጋሽ ሀብቱ ማስቀመጫዋን ተቀብለው ክዳኑን አንድ በአንድ ከፈቱ።

«ለቀኑ ይህቺ ብቻ?»

«ይህቺ ብቻ። እንጀራ ጭራሽ አይሆንም።»

ሰባቱንም ክፍሎች በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ የረቡዕንና የዓርብን ክፍል ከፍተው ቁንጥሩን ወደ ዕቃው መለሱት። «እንግዲህ በወጉ ከሆነ በወጉ ይሁን» አሉ። «ረቡዕና ዓርብ ይጹሙ።»

አቢጊያ ሳቀች። ለገንዳው እንዲያውም የተሻለ ነበር።

የሐሙስን ቁንጥር ራሳቸው ጣል አደረጉ። ምስር መጥታ ለቀመችው፣ አለቀ፣ ጨመር ይደረግልኝ ብላ መስታወቱ ላይ ተለጠፈች። ጋሽ ሀብቱ እጃቸው ወደ ዕቃው ሊሄድ ሲል ያዙት። ሳህናቸውን ጭናቸው ላይ አመቻቹ። እንጀራውን ግን አልቆረሱም።

«እንብላ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከገንዳው ሳያነሱ።

ለማን እንዳሉ አይታወቅም። አቢጊያ ወደ ክፍሏ እያለፈች ነበር። ቆመች። ጆሮ ማዳመጫዋን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እጇን ልትታጠብ ሄደች።