ሰው አለኝ በያት

«እናትሽን ጠይቂልኝ» አለች ዶክተሯ በጣልያንኛ። «ሲጨንቃት የምታዋየው ሰው አላት? ካንቺ ሌላ ማለቴ ነው።»

ልደት ወደ እናቷ ዞረች። ዘነበች ቦርሳዋን ጭኗ ላይ በሁለት እጇ ይዛ፣ ፖሊስ ጣቢያ እንደተጠራ ሰው ቀጥ ብላ ተቀምጣለች።

«ምን አለች?»

«ሲጨንቅሽ የምታዋዪው ሰው አለሽ ወይ ነው የምትለው።»

«አለኝ በያት» አለች ዘነበች ቶሎ ብላ። «ብዙ ሰው አለኝ በያት።»

ሰኞ ዕለት ነው የወደቀችው። የምትሠራበት ሆቴል ምድር ቤት አንሶላ ስትተኩስ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኗ ጨለመ፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ተገኘች። ደሟ ተመረመረ፣ ልቧ ታየ፤ ምንም አልተገኘም። ዛሬ አስተርጓሚዋ ስለቀረች የአሥራ አራት ዓመቷ ልደት ከትምህርት ቤት ቀርታ ከእናቷና ከዶክተሯ መሃል ተቀምጣለች።

ብዙ ሰው። ልደት በልቧ ለመቁጠር ሞከረች። ሥራ ቦታ ያሉት ሴቶች የሚያወሩት በሮማንያ ቋንቋ ነው። ቶር ፒኛታራ ሰፈር ያለው ቤታቸው ውስጥ ኩሽና የሚጋሯቸው ባልና ሚስት «ቦንጆርኖ» ከማለት አያልፉም። ቀድሞ እሑድ እሑድ ጠዋት ወደ አገር ቤት ይደወል ነበር። አክስቷ ስልኩን ለጎረቤት፣ ጎረቤቷ ለሌላዋ ስታቀብል ዘነበች አንድ ሰዓት ሙሉ ስትስቅ፣ ስታለቅስ፣ ስትመርቅ ቆይታ ለሳምንቱ የሚሆን ጉልበት ይዛ ትነሳለች። አሁን ግን አገር ቤት ኔትወርክ ከጠፋ ሁለት ወር ሆነው። ዘነበች ግን እሑድ በመጣ ቁጥር ትደውላለች፣ ትጠብቃለች፣ ስልኩን ታስቀምጣለች።

ልደት እናቷን እንዲህ ያየቻት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስምንት ዓመቷ ሳለ፣ ገና ጎጃም ገጠር እያሉ፣ አባቷ ሞተ። ዘነበች ያኔም ከመደብ አልነሳ፣ እህል አልቀምስ ብላ ነበር። ጤፉ በአረም ተዋጠ። የመንደሩ ሴቶች ግን ዝም አላሏትም። አንድ ጠዋት ተጠራርተው ማሳው ውስጥ ገቡና በአንድ ቀን አርመው ጨረሱላት። አንዷ አጥሚት ይዛ መጥታ፣ ጠጥታ እስክትጨርስ ከፊቷ አልሄድ አለች። እስከ አርባው ድረስ በየተራ ከጎኗ አደሩ። ዘነበች ተነሳች። በዓመቱ ደግሞ ባሏ የሞተባት ሌላ ጎረቤት ቤት እሷው ሄዳ አደረች።

እዚህ ማን ይደርስላታል?

ልደት መልሱን ታውቀዋለች። ከሦስት ሳምንት በፊት የካቶሊክ መነኩሴዋ ሲስተር አመተ ማርያም ፌርማታ ላይ አግኝተዋት ነበር። «ቅዳሜ ቅዳሜ ከገጠር የመጡ እናቶች አዳራሻችን ይሰበሰባሉ። ኦርቶዶክስ ናት፣ ካቶሊክ ናት አንልም። እናትሽን አምጪያት» ብለው ስልካቸውን ሰጧት። ልደትም ዓይናቸውን እያየች «ቅዳሜ ሥራ አላት» አለቻቸው።

ሥራ አልነበራትም። ቅዳሜ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ያለችው ሶፍያ ናት፤ እዚያ የምታስተናግደውን እናቷን ልታግዝ ትሄዳለች። ሶፍያ በልደት ክፍል ውስጥ ከሷ ሌላ አማርኛ የምትችል ብቸኛዋ ልጅ፣ የልደትም አንድ ለናቱ ጓደኛ ናት። አንድ ቀን ከአዳራሹ ሴቶች የአንዷን አነጋገር እየቀዳች «እንዴት ዋላችሁሳ! ከብቱስ ደህና?» ስትል ልደት ከሷም በላይ ሳቀች። ከዚያ «የኔ እናት አዲስ አበባ አስተማሪ ነበረች» አለቻት። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ገርሟታል።

«አሎራ?» አለች ዶክተሯ። «ምን አለች?»

ልደት እጆቿን ጉልበቷ መሃል ደበቀች። «ብዙ ሰው አለኝ ብላለች» አለች በጣልያንኛ። ቀጥላም፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ግን ኔሱኖ» አለች። ማንም የለም።

ኔሱኖ ምን ማለት እንደሆነ ዘነበች ታውቃለች። አንገቷን ደፋች። ዶክተሯ ለሚቀጥለው ሳምንት፣ አስተርጓሚ ባለችበት፣ ቀጠሮ ሰጠቻቸው።

ካዚሊና ጎዳና ላይ የሚያልፈውን ትንሽዬ ባቡር ተሳፈሩ።

«ለምን አዋረድሽኝ?» አለች ዘነበች። «በሰው ፊት ሰው የላትም ይባላል?»

«እማዬ፣ የነገርኩሽ ውሸት አለ… ማለት፣ ያልነገርኩሽ።» ልደት ሁሉንም ነገረቻት፤ ሲስተርን፣ ቅዳሜን፣ ሶፍያን፣ ሳቁን ጭምር። ከሁሉም የከበዳት ሳቁን መናገር ነበር።

«አስተማሪ?» አለች ዘነበች። «ምን አስተምራለሁ አልሽያት?»

«ሒሳብ።»

የዘነበች ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ልደት እያለቀሰች መስሏት ደነገጠች፤ ዞራ ስታያት ግን እናቷ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ እየሳቀች ነው። ደግሞ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። የቱ እንደሚቀድም ልደት መለየት አልቻለችም።

«በይ ተይው» አለች ዘነበች ፊቷን ጠርጋ። «እኔ እዚያ አልሄድም። ልጅቷ ጓደኛሽ ናት፤ ያለችሽም እሷው ናት። እኔ እንደሆንኩ ለምጄዋለሁ። አንቺ ሰው እንዳታጪብኝ።»

ባቡሩ እየተንገጫገጨ ሁለት ፌርማታ አለፈ። ልደት የእናቷን እጅ አየች። ከመተኮሻው እንፋሎት የተነሳ ቆዳው ተልጧል፤ አሁንም በስሱ ይንቀጠቀጣል። ስልኳን አወጣችና የሶፍያን ስም ከፈተች።

«ሶፊ፣ እናቴ አስተማሪ ሆና አታውቅም» ብላ ጻፈች። «ገበሬ ነበረች። ዋሽቼሻለሁ።» ላከችው።

መልእክቱ ወዲያው ተነበበ። መልስ ግን የለም። አንድ ፌርማታ አለፈ፤ አሁንም የለም። ልደት ነገ ክፍል ውስጥ ማን ጋ እንደምትቀመጥ አላወቀችም።

ከዚያ ሌላ ቁጥር ፈልጋ ደወለች። በሦስተኛው ጥሪ ተነሳ።

«ሲስተር፣ እንደምን ዋሉ? ልደት ነኝ» አለች። ዘነበች ቀና ብላ አየቻት። «እናቴ ቅዳሜ ሥራ የላትም። ያን ቀንም አልነበራትም። አብራኝ አለች፤ ላገናኝዎት?»

ስልኩንም ለእናቷ ዘረጋችላት።