ከክሪክ የወረደችው አውሮፕላን

ሟቹ የተገኘው ቢጫዋ አውሮፕላን ሥር በጀርባው ተንጋሎ፣ ጭንቅላቱን ከቀኝ ጎማዋ አስጠግቶ ነበር። አጠገቡ ክሪኩ በጎኑ ተጋድሟል። ሳጅኑ ነገሩን ለመቋጨት ብዙ አልፈጀበትም። ክሪኩ ተንሸራተተ፣ አውሮፕላኗ ወደቀች፣ ሰውየው ሞተ። ክሪኩን ትናንት ያቆመው የሃንጋሩ ብረት በያጅ ነው፤ ስለዚህ በያጁ ይታሰር። ሳጅኑ ምሳውን በሰዓቱ የሚወድ ሰው ነበር።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ በያጁ በካቴና ታስሮ የፖሊስ ፒክአፕ ላይ ተጥዷል። ነፋሱ የሃንጋሩን ቆርቆሮ ያንኳኳል፣ ይተዋል፣ ደግሞ ያንኳኳል። እሷም እንደ ነፋሱ ናት፤ አንድ ቦታ አትረጋም። ወንበር ሲቀርብላት ቦርሳዋን ታስቀምጥበትና ትዞራለች። ጣቢያ ውስጥ ከጀርባዋ «እትዬ ለምን» ይሏታል።

ሟቹን ደግሞ ሰው ሁሉ «ጎማው» ነበር የሚለው። ከኋላ ትንሽ የጭራ ጎማ ላይ ቁጭ ብለው፣ እንደ አዲስ ተሿሚ አፍንጫቸውን ሰቅለው የሚቆሙ አሮጌ አውሮፕላኖች አሉ። ጎማው እነሱን ተቀብሎ ድንጋይ ላይ እንዲያርፉ ያደርጋቸዋል። አጭሩን እግር አውልቆ ረጅም ይገጥማል፣ ደረቁን ሞላ በለስላሳ ይለውጣል፣ ትንሿን ጎማ ጥሎ እንደ ትራስ የተነፋ ያስገባል። ሌላው ሰው የአውሮፕላን ክንፍ ሲያደንቅ እሱ ጎንበስ ብሎ እግሩን ያይ ነበር።

ሃንጋሩ ውስጥ ሁለት አውሮፕላኖች አሉ። ቢጫዋ እንደ ትግል ተጫዋች እግሯን አንፈራጥጣ መሐል ላይ ቆማለች። ጥግ ያለችው ነጯ ግን ሽንት እንደያዘው ልጅ ጉልበቷን ገጥማለች።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ፓይለት ነው። በሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ ሰማዩን ያያል፣ ሰዓቱን ያያል።

«ኢንስፔክተር፣ ቶሎ ቢጨርሱልኝ። ወንዙ ዳር ያለው ሜዳ ላይ በሽተኛ ይጠብቀኛል።»

«ወንድምህ መሬት ላይ ተኝቶ ትበራለህ?»

«በሽተኛው ምን ያድርግ? እሱም ቢሆን ሂድ ነበር የሚለኝ።»

«በየትኛዋ ነው የምትሄደው?»

«በቢጫዋ ነዋ!»

«ሰው ላይ በወደቀችው?»

«አየኋት እኮ፣ ምንም አልሆነች።»

«ለምን በነጯ አትሄድም?»

ፓይለቱ ወደ ጥጉ በአገጩ አመለከተ። «በእሷማ እንዴት ብዬ! እግሯ ተሰብሯል። ጎማዎቿ ወደ ውስጥ ታጥፈው አይታዩዎትም?»

«ወንድምህን መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?»

«ትናንት ከሰዓት። ከዚያ ቤቴ ነበርኩ።»

የሟቹ ሚስት ዕቃ ክፍሉ ውስጥ ነበረች። ባሏ ሥራ ሲበዛበት ሃንጋሩ ውስጥ ማደር ልማዱ ስለነበር ማታ አልፈለገችውም፤ ጠዋት ስትመጣ ነው ያገኘችው። አሁን ብሎኖችን ከአንዱ ጣሳ ወደ ሌላው ትገለብጣለች። ለምን እንደምትገለብጥ ኢንስፔክተሯም አልጠየቀቻትም።

«ወንድሜን ፍቱልኝ» አለች ሳታያት። በያጁ ወንድሟ ነው። «ባሌን አጣሁ። ወንድሜን ደግሞ ከነነፍሱ ልትቀብሩብኝ ነው?»

«ክሪኩን እሱ አይደል ያቆመው?»

«እሱ ነው። እሱ ያቆመውን ክሪክ በሬ ቢገጭም አይጥለውም።»

«ከዋርሳሽ ጋርስ እንዴት ናችሁ?»

«ከፓይለታችን ጋር? ሰማይ ላይ ሲሆን በጣም እወደዋለሁ።» ጣሳውን አስቀመጠች። «ባለፈው ወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ አላትሞ የቢጫዋን እግር ሰነጠቀው። እሺ፣ ይሰነጠቅ። ለማንም ሳይናገር አቆማት እኮ! በማግስቱ አዋላጇን አሳፍሮ ሊነሳ ሲል ባሌ ነው ያስቆመው። ረጅሙን እግር የገጠመላት ለዚህ ነበር። ትናንት ምሳ ላይ ደግሞ፣ ‹ከእንግዲህ ቢጫዋን ሌላ ሰው ነው የሚያበራት፣ ዛሬ እነግረዋለሁ› አለኝ።»

«ነገረው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! እኔና ወንድሜ ሳይመሽ አብረን ወጣን። ቢጫዋ ያኔ ክሪክ ላይ ነበረች።»

ኢንስፔክተሯ ልትወጣ ብላ በሩ ላይ ቆመች። «የነጯን እግርስ ማን ሰበረው?»

«ማን አለሽ? ጤነኛ ናት፣ ትናንት ከክሪክ የወረደች። ለስላሳ ሞላ ያላት አውሮፕላን በክሪክ ስትነሳ እግሮቿ ተንጠልጥለው ወደ ውስጥ ይገባሉ። ስትወርድም ጎማው ሲሚንቶውን ነክሶ ይይዝና እንደታጠፈች ትቀራለች። ገፋ ሲያደርጓት ይዘረጋል። ዛሬ ጠዋት እኮ ከባሌ ጋር ልን…»

ከጠዋት ጀምሮ ያልመጣ እንባ መጣ።

ኢንስፔክተሯ ጣሳዎቹን ገፋ አድርጋ አጠገቧ ተቀመጠች። ሳጅኑ በመስኮት አይቶ ደነገጠ፤ ይህች ሴት ስትቀመጥ አይቶ አያውቅም።

ከዚያ ሁሉንም ቢጫዋ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። በያጁም ከነካቴናው መጣ። ከጠዋት ጀምሮ እንዳይገባ ተከልክሎ ስለነበር ዓይኑ ቀጥ ብሎ ጎማዎቹ ላይ አረፈ። አፉን ሲከፍት ኢንስፔክተሯ በጣቷ ዝም አሰኘችው።

«ሳጅን፣ ክሪኩን አቁምልኝ። አንገቱ የት አለ?»

«ገብቷል» አለ ሳጅኑ።

«ለምን?»

ሳጅኑ ክሪኩ ራሱ እንዲመልስለት የሚጠብቅ ይመስል አተኩሮ አየው።

«አውሮፕላን ተሸክሞ የተንሸራተተ ክሪክ አንገቱ እንደቀና ነው የሚወድቀው። ይሄኛው ዘይቱ ቀስ ተብሎ ተለቆለት፣ ወርዶ፣ ከዚያ ነው የተጋደመው። አውሮፕላኗ አልወደቀችም። ሟቹ የተመታው ደግሞ ማጅራቱን ነው፤ በጀርባው የተንጋለለ ሰው ከላይ የወደቀበት ዕቃ ማጅራቱን እንዴት ያገኘዋል? የግንባሩ ቆዳ እንኳ አልተላጠም።» ወደ ሥራ ጠረጴዛው ዞረች። «እዚህ ቤት ያልተቀባ ነገር የለም፤ ግድግዳው ሳይቀር ግራሶ ነው። ንጹሕ ያገኘሁት ጠረጴዛው ላይ የታሰረውን ይሄን የብረት መያዣ ሞርሳ ብቻ ነው። ለምን ተወለወለ?»

ቆርቆሮው ተንኳኳ።

«ጎማው የሞተው እዚህ ነው። ከዚያ አንድ ሰው ጎትቶ አውሮፕላኗ ሥር አስተኛው። ማን? እስቲ እግሯን እዩ። ከክሪክ የወረደች አውሮፕላን እንደ ነጯ ነው የምትቆመው። ቢጫዋ ግን ተንፈራጣለች፤ ከወረደች በኋላ ተገፍታለች ማለት ነው።»

«ወንድሜ ራሱ አውርዶ ገፍቷት ቢሆንስ?» አለ ፓይለቱ ቶሎ ብሎ።

«ከዚያ ሞተና ተነስቶ ክሪኩን አጋደመው?»

ሳጅኑ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

«በያጁ ቢሆን የታጠፈው እግር ሲሳይ ነበር፤ ‹ወደቀች› ለሚለው ውሸቱ ምስክር ይሆንለታል፣ አይነካውም። እህቱም ይህንኑ ታውቃለች። በዚህ ቤት የታጠፈ እግር አይቶ ‹ተሰበረ› የሚል አንድ ሰው ብቻ ነው። አንተ አውሮፕላን የምታየው ተገፍታ ወጥታ በር ላይ ስትጠብቅህ ነው። የነጯን እግር ተሰብሯል ያልከኝ አንተ ነህ።»

ፓይለቱ እጁን ኪሱ ከተተ፣ አወጣ፣ መልሶ ከተተ። ከዚያ የቢጫዋን ክንፍ ያዘ።

«ልገድለው አልነበረም። መሪ አትጨብጥም ሲለኝ ገፈተርኩት፤ ሞርሳው ላይ ወደቀ። ክሪኩን በእርግጫ ልጥለው እግሬን አንስቼ ነበር። እሷን መጣል አቃተኝ። ቀስ አድርጌ ሳወርዳት እግሯ ታጠፈብኝ፣ የሰበርኳት መሰለኝ። ገፋኋት… ቆመችልኝ።»

የሟቹ ሚስት ቀረብ አለችው። «እሱንስ? አንዴ ቀና ልታደርገው ሞክረሃል?»

ፓይለቱ የቢጫዋን ክንፍ ለቀቀ።

ሳጅኑ ካቴናውን ከበያጁ እጅ ፈቶ ለፓይለቱ አጠለቀለት። ምሳ ሰዓት አልፎ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አላስታወሰውም። በያጁ ይቅርታ የሚጠይቀው ሰው ይኖር እንደሆነ ትንሽ ጠበቀ። ሰው ሲጠፋ እህቱን ክንዷን ይዞ ወደ ጥጉ ወሰዳት። ሁለቱም ትከሻቸውን ለነጯ ሰጥተው ገፏት። ጎማዎቹ አንዴ ሲጥ አሉ፤ እግሮቿ ተዘረጉ፤ ቀና ብላ ቆመች።

ፓይለቱ ፒክአፑ ላይ ሆኖ አንገቱን አዙሮ ያይ ነበር። ነጯ ምንም አልሆነችም።