አሥራ ሰባት ቁጥር ታርጋ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሴት አይደለሁም፣ ይህን አስቀድማችሁ ያዙልኝ። ቂርቆስ ያሉ ጎረቤቶቼ መንፈስ ምናምን እያሉ ሲያወሩ እኔ ከገባሁ ዝም ይላሉ፣ “ስንት ሰው አየው? በስንት ሰዓት?” እያልኩ ወሬያቸውን ስለማበላሽባቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ዕቃ ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ያለ አለ፣ የሌለ የለም።

የቆጠርኩት የአውሮፕላን መጠገኛ ዕቃ ነው፣ ዛሬ በተዘጋ አንድ ትንሽ የግል አየር መንገድ ውስጥ። ግድግዳው ላይ እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ምስማር አለው፣ መካኒኩ ካቻቢቴ ሲወስድ የእሱ ቁጥር የተቀረጸባትን የናስ ታርጋ ይሰጠኛል፣ እኔም በካቻቢቴው ቦታ እሰቅላታለሁ። ታርጋ ከተሰቀለች ዕቃው በባለ ቁጥሩ እጅ ነው ማለት ነው። የሚያወርዳትም ዕቃውን የመለሰው ሰው ብቻ ነው፣ ሌላ ማንም አይነካትም። አንዲት እንኳ ተሰቅላ ከቀረች፣ ዕቃው አውሮፕላኑ ውስጥ ተረስቶ ይሆናልና፣ ወረቀቱ አይፈረምም፣ አውሮፕላኑም አይነሳም።

አንድ ቀን ጠዋት የጌቱ ታርጋ፣ አሥራ ሰባት ቁጥር፣ ተሰቅላ ቀረች። ጌቱ ዝምተኛ፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ጎበዝ መካኒክ ነበር፣ ራሱ መጥቶ “እትዬ አስካለ፣ ካቻቢቴው ጅራቱ ውስጥ ሳይወድቅብኝ አልቀረም፣ ከፍቼ እስካየው እንዳይፈርሙ” አለኝ። ተሳፋሪው ግን ሻንጣውን አስረክቦ ተቀምጧል፣ ስልኩም በላይ በላዩ ይጮሃል። አለቃችን ኢንጂነር ደሳለኝ መጣ (አንቱ እንድለው አትጠብቁ)፣ ታርጋዋን ከምስማሩ አውርዶ ካፖርቱ ኪስ ከተታት፣ በቦታዋ ከመጋዘን ያስመጣውን አዲስ ካቻቢቴ ሰቀለና “ይኸው ሙሉ ነው አስኩ፣ አንድ ሰዓት ዘግይተናል፣ ሰው አታስጮሂብን” አለ። ወረቀቱም ተፈረመ።

አውሮፕላኑ ተነስቶ ብዙም ሳይርቅ መሪው ተያዘ፣ አብራሪው እንደምንም መልሶት ሜዳው ላይ ተንሸራቶ ቆመ። ማንም አልሞተም፣ አንዲት አስተናጋጅ ግን ዛሬም በክራንች ነው የምትሄደው። ጅራቱ ሲከፈት ካቻቢቴው ተገኘ። ደሳለኝ ታዲያ ለመርማሪዎቹ ምን አለ? ምስማሩ ላይ ታርጋ አልነበረም፣ ጌቱ ዕቃውን ሰርቆ ነው የወሰደው አለ። ጌቱ ሌባ ተብሎ ተባረረ፣ የትም ሳይቀጠር፣ አንገቱን እንደደፋ ሞተ። ሚስቱ የሺ ጎረቤቴ ናት፣ ባገኘችኝ ቁጥር “ባሌ ሌባ አልነበረም” ትለኛለች፣ እኔም “አውቃለሁ” እላታለሁ። እንዴት እንደማውቅ ግን ነግሬያት አላውቅም ነበር።

ባለፈው ነሐሴ የደሳለኝ ልጆች የአባታቸውን ሰባኛ ዓመት አስመልክተው የድሮ ሠራተኞችን ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ምሳ ጠሩን። ልበላ አልሄድኩም፣ ላዋርደው ነው የሄድኩት፣ የምናገረውን በቃሌ እየደጋገምኩ መስቀል አደባባይን አቋርጬ፣ በዝናብ፣ በግማሽ የፈረሰው ካዛንቺስ ደረስኩ። ደሳለኝ ግራጫ ካፖርቱን በገዛ እጁ በሩ አጠገብ ካለው መስቀያ ላይ ሲሰቅል በዓይኔ አየሁ፣ እመኑኝ፣ ዕቃ የት እንደተሰቀለ እኔ አልሳሳትም።

ልጁ ተነስቶ “አባታችን በሥራ ዘመናቸው አንድም በረራ አላዘገዩም” እያለ ይናገራል፣ የድሮ ጽዳት ሠራተኛችን ብርቄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ “ምሳውን ግን ሁለት ሰዓት አዘገዩት” አለችኝ። ልስቅ ስል ሰማሁት።

ቅጭል።

ናስ ምስማር ሲነካ የሚያሰማው ድምፅ ነው፣ በእንቅልፌም አልስተውም። ማንም ዞር አላለም። ደግሞ ቅጭል አለ፣ ይሄኔ ደሳለኝ ጉርሻውን አፉ ሳያደርስ ቀጥ አለ። ሁለታችንም ወደ በሩ አየን። ካፖርቱ የለም። በቦታው አንዲት ቢጫ ነገር ትወዛወዛለች፣ በሩ ዝግ ነው፣ ነፋስ የለም። ቀረብኩ። አሥራ ሰባት ቁጥር፣ ጌቱ በሞረድ የከረከማት ጠርዟ እንኳ ሳይቀር።

ደሳለኝ ፊቱ አመድ መስሎ መጣ። “አንቺ ነሽ ያመጣሻት።”

“እኔ አላመጣሁም።”

“አይሆንም፣ እኔ ራሴ ነኝ ከድልድይ ላይ ወንዝ ውስጥ የጣልኳት።”

ልጁ “ምኗን ነው የጣሏት አባዬ?” አለ።

“የጌቱን ታርጋ” አልኩ እኔ። “ከምስማር አውርደህ ኪስህ የከተትካትን።” አንተ አልኩት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ። ዘወር ስንል መስቀያው ባዶ ነበር፣ ጥበቃው ማንም አልወጣም ብሎ ማለ፣ ካፖርቱም እስከ ዛሬ አልተገኘም። ደሳለኝን ከዚያ ወዲህ ብርድ አይለቀውም አሉ፣ ብርቄ ደምበል ሕንፃ አጠገብ በቀትር ፀሐይ ሁለት ጃኬት ደርቦ ሲንቀጠቀጥ አይታዋለች። ደስ አለኝ፣ አልዋሻችሁም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ባልጻፍኩት።

በሦስተኛው ቀን የሺ ወሬውን ሰምታ ልታመሰግነኝ ቤቴ መጣች፣ እጄን ይዛ አለቀሰች፣ “እርስዎ ባይኖሩ ስሙ እንደ ቆሸሸ ይቀር ነበር” አለችኝ። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ፣ ክፉ አስባ ሳይሆን እንዲያው፣ “ያን ቀን ወረቀቱን ግን ማን ነበር የፈረመው?” አለች።

ቅጭል።

ከጀርባዬ ነው። ግድግዳዬ ላይ ከዕቃ ክፍሉ መስኮት ጀርባ እስክሪብቶ ይዤ የተነሳሁት ፎቶ ነበር። ፎቶው የለም። በምስማሩ ላይ አሥራ ሰባት ቁጥር ትወዛወዛለች።

“አላስታውስም” አልኳት።

ታርጋዋ እንደ ሆቴሉ ጊዜ አልጠፋችም፣ ይህን ስጽፍ እዚያው ናት። እኔም አላወርዳትም፣ ደንቡን አውቃለሁ። የሺ ነገም እመጣለሁ ብላለች። ሰውነቴ ደህና ነው፣ እንደ ደሳለኝ አልንቀጠቀጥም፣ የሚበርደኝ ቀኝ እጄ ብቻ ነው።